«ደረጃችንን አሻሽሉልን» ለሚል ሚኒስትር ምን ይባላል? መንግሥትን በተወዳዳሪነትና በፈጠራ ፖሊሲ የማማከር ተሞክሮዬ

መንግሥታትን ማማከር መተዳደሪያዬ ከሆነ ቆይቷል። የሠራሁባቸው አገሮች በሀብትም በቋንቋም በአስተዳደርም አይመሳሰሉም። በመጀመሪያው ስብሰባ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ግን ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ «በዓለም አቀፉ የተወዳዳሪነት ሰንጠረዥ ወደ ታች ወርደናል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ከፍ እንድንል ምን እናድርግ?» ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ይኸው ጥያቄ ነገ ለሚቀርብላቸው ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ሚኒስትር ቢሮ ለሚሸጋገሩ ኢኮኖሚስቶች፣ እንዲሁም ከአማካሪ ወፍራም ሰነድ ተረክበው «ይህን ደግሞ ምን እናድርገው?» ለሚሉ የመንግሥት ሠራተኞች። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰንጠረዡን መናቅ አያዋጣም። ሚኒስትሩ ፓርላማ ፊት ሲቀርቡ የሚጠየቁት ስለ እርሱ ነው፤ «ቁጥሩን ይተዉት» የሚል አማካሪም ዳግመኛ አይጠራም። ቁጥሩ ከምን እንደተሠራ ማሳየት ግን ይቻላል። የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም በ2019 141 ኢኮኖሚዎችን ሲያወዳድር ከተጠቀመባቸው መለኪያዎች ከፊሉ የኩባንያ ኃላፊዎች አስተያየት ነበር። አስተያየት ደግሞ ምርጫ በተቃረበበት ወይም ኤሌክትሪክ በተደጋጋሚ በተቋረጠበት ሰሞን ይለዋወጣል። ከተቀሩት መለኪያዎች ብዙዎቹ ሰንጠረዡ ከመውጣቱ ቀደም ብለው የተሰበሰቡ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ የተወሰደ ጥሩ እርምጃ በሁለት ዓመት ውስጥ ላይታይ ይችላል፤ ምንም ያልሠራ መንግሥትም ሌሎች ስለወረዱ ብቻ ከፍ ሊል ይችላል። ይህን በአንድ ገጽ አዘጋጅቼ ለሚኒስትሩ እሰጣለሁ፤ ለፓርላማ መልስ ይሆናቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሥራው መግባት እንችላለን።

ሰንጠረዥን ተከትሎ መሥሪያ ቤት ማደራጀት ምን እንደሚያስከትል ያየሁት የዓለም ባንክ በየዓመቱ ያወጣው የነበረው የንግድ ሥራ ምቹነት ዘገባ ሲቋረጥ ነው። ባንኩ በ2018 እና በ2020 ዕትሞች ላይ የመረጃ መዛባት ከተገኘ በኋላ ዘገባውን በ2021 ሙሉ በሙሉ አቆመው። በአንድ የማውቀው አገር የዚያን ዘገባ ነጥብ ለማሻሻል ብቻ የተቋቋመ ክፍል ነበር። ሠራተኞቹ ጎበዞች ነበሩ፤ የኩባንያ ምዝገባን ከሳምንታት ወደ ቀናት አውርደዋል፤ ይህም ቀላል ጥቅም አይደለም። ዘገባው ሲቋረጥ ግን ቀጥሎ ምን እንደሚሠሩ የሚነግራቸው አልነበረም። ከጅምሩ ችግሩን የመረጠላቸው የገዛ አገራቸው አምራች ሳይሆን ከውጭ የመጣ መጠይቅ ነበርና።

ታዲያ የምንማከረው ስለ ምንድን ነው? በሙያው ውስጥ የቆየ ክርክር አለ። ኢኮኖሚስቱ ፖል ክሩግማን በ1994 አገሮች እንደ ኩባንያዎች አይፎካከሩም ብለው አጥብቀው ተከራክረዋል፤ ኩባንያ ሲከስር ይዘጋል፣ አገር አይዘጋም፤ የሌላው አገር ማደግም ለእኛ ገበያ ሊሆን ይችላል። የንግድ ስትራቴጂ ምሁሩ ማይክል ፖርተር ደግሞ ከእርሳቸው ቀደም ብለው፣ በአገር ደረጃ ተወዳዳሪነት የሚባል ነገር ትርጉም የሚኖረው ምርታማነት ማለት ሲሆን ብቻ ነው ብለዋል። ሁለቱ የተለያየ ጎራ ቢመስሉም ለአማካሪ የሚያቀብሉት ጥያቄ አንድ ነው፦ አንድ ሠራተኛ በአንድ ሰዓት የሚፈጥረው ዋጋ ለምን አላደገም? ደመወዝን ዝቅ አድርጎ፣ ምንዛሪን አዳክሞ ወደ ውጭ የሚላከውን ምርት መጠን መጨመር ይቻላል። የሠራተኛው ኑሮ ካልተሻሻለ ግን ውድድሩን አሸነፍን ማለት ለማን ነው? ይህን ጥያቄ በመጀመሪያው ሳምንት በግልጽ ካላነሣችሁት በኋላ ለማንሣት ይከብዳል፤ ሁሉም ሰው ያን ጊዜ ስለ ቴክኖሎጂ ፓርኩ ሕንፃ እያወራ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ማነቆውን ከመፈለግ ነው። ኢኮኖሚስቶቹ ሪካርዶ ሃውስማን፣ ዳኒ ሮድሪክና አንድሬስ ቬላስኮ በ2005 ያቀረቡት የዕድገት ምርመራ ዘዴ ለእኔ ከሁሉም የበለጠ አገልግሎኛል። ሐሳቡ አጭር ነው፤ መቶ ማሻሻያ አትዘርዝር፣ ዛሬ ኢኮኖሚውን አስሮ የያዘውን ፈልግ። ማነቆው እውነተኛ ከሆነ ምልክት ይተዋል። ኩባንያዎች ከእርሱ ለመሸሽ ገንዘብ ያወጣሉ፤ የራሳቸውን ጄኔሬተር ይገዛሉ፣ የራሳቸውን ማሠልጠኛ ይከፍታሉ። በሕይወት የቆዩትም ማነቆው ብዙም የማይነካቸው ናቸው፤ የዘዴው ተጠቃሚዎች እንደሚሉት በበረሃ ግመል እንጂ ጉማሬ አይገኝም። በዚህ ምክንያት ኩባንያዎችን ብቻ በመጠየቅ የተሠራ ጥናት ያሳስታል፤ የምትጠይቁት ግመሎቹን ነው። ውኃ ያጡት ሞተዋል ወይም ወደ ሌላ አገር ሄደዋል። ስለዚህ ሥራቸውን የዘጉ፣ ወደ ውጭ መላክ ጀምረው ያቆሙ፣ ጠይቀው ፈቃድ ያላገኙ ሰዎችን ፈልጉ። የጉምሩክና የታክስ መዝገብ ላይ ስማቸው ይገኛል፤ የሚፈልጋቸው ሰው ስለሌለ ብቻ ነው የማይታዩት።

አጠያየቁም ልምድ ይጠይቃል። «ችግራችሁ ምንድን ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ነጋዴ በየትኛውም አገር ታክስና ብድር ይላል። ሐሰት አይደለም፤ ግን ከታክስ ሌላ ምንም አታገኙበትም። እኔ የምጠይቀው ስለተፈጸመ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት ያመለጣችሁ ትልቁ ትእዛዝ የቱ ነው? ገዢው ምን ብሎ ተወው? ማሽኑ መጨረሻ ሲበላሽ ማን ጠገነው፣ መለዋወጫውስ ከየት መጣ? አዲስ ምርት ሞክራችሁ የተዋችሁት ምንድን ነው? የምጠይቀውም ዋና ሥራ አስኪያጁን ብቻ አይደለም። የጥራት ተቆጣጣሪዋ፣ የጥገና ኃላፊው፣ የጉምሩክ አስተላላፊው ከንግድ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ይልቅ ብዙ ያውቃሉ፤ ንግግርም አያዘጋጁም።

አንድ የኤሌክትሪክ ገመድ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ያስረዳችኝን ልንገራችሁ። ምርታቸው የገዢውን መስፈርት ያሟላል። ሆኖም በአገሪቱ ያለው የፍተሻ ላቦራቶሪ የሚሰጠውን የምስክር ወረቀት የውጭ ገዢዎች አይቀበሉትም፤ ላቦራቶሪው ዓለም አቀፍ ዕውቅና የለውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ናሙና ወደ ሌላ አገር ይላካል፤ ውጤቱ እስኪመጣ ገዢው ሌላ ሻጭ ያገኛል። በዚያው ጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ የነበረው የፈጠራ ስትራቴጂ ረቂቅ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ስለ ቴክኖሎጂ ፓርክ፣ ስለ ስታርትአፕ ፈንድ በሰፊው ያትታል፤ ስለ ላቦራቶሪ አንድ ዓረፍተ ነገር የለውም።

ነገሩ የሚታወቅ መፍትሔ ነበረው። የፍተሻና የካሊብሬሽን (መለኪያ መሣሪያዎችን የማስተካከል) ላቦራቶሪዎች ብቃት የሚመዘንበት አይኤስኦ 17025 የተባለ ደረጃ አለ፤ ዕውቅና ሰጪ አካላት እርስ በርስ ውጤታቸውን የሚቀባበሉበት ዓለም አቀፍ ስምምነትም በ2000 ተፈርሟል። በዚያ ሰንሰለት ውስጥ የገባ ላቦራቶሪ የሰጠው ውጤት ሌላ አገር ሄዶ እንደገና መፈተሽ ላያስፈልገው ይችላል። የሚጠይቀው መሣሪያን በየጊዜው ማስተካከል፣ ባለሙያን ማቆየትና የውጭ ገምጋሚዎችን ወጪ በየዓመቱ መሸፈን ነው። ከሕንፃ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ትንሽ ነው። ችግሩ በየዓመቱ የሚከፈል መሆኑና ሪባን የሚቆረጥበት ቀን አለመኖሩ ነው። በካፒታል በጀት ሕንፃ ማሠራት የሚችል መሥሪያ ቤት በመደበኛ በጀት አንድ የሥነ ልክ (የመለኪያ ሳይንስ) ባለሙያ መቅጠር ሲያቅተው በተደጋጋሚ አይቻለሁ። የፈጠራ ፖሊሲ ከምትሰሙት ይልቅ ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል።

ማነቆው ከታወቀ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ባለቤቱ ማን ነው የሚለው ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰነዶች የሚሞቱት። የላቦራቶሪው ጉዳይ የንግድ ሚኒስቴርን፣ የደረጃዎች ተቋምን፣ የገንዘብ ሚኒስቴርንና የሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽንን ይነካል፤ ስለዚህ የማንም አይደለም። የተለመደው መልስ «ብሔራዊ የተወዳዳሪነት ምክር ቤት ይቋቋም» ነው። ምክር ቤት መጥፎ አይደለም። የፊንላንድ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ፖሊሲ ምክር ቤት ከ1987 ጀምሮ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰብሳቢነት ይመራ ስለነበር ክብደት ነበረው። በደቡብ ኮሪያም በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ ራሳቸው በየወሩ የወጪ ንግድ ስብሰባ ይመሩ ነበር፤ ያኔ ያልተፈጸመ ነገር ለማን እንደሚነገር ግልጽ ነበር። መሪው በሁለተኛው ስብሰባ ምክትላቸውን፣ በሦስተኛው የምክትላቸውን ምክትል የሚልኩበት ምክር ቤት ግን አበል መክፈያ ነው፤ እንደዚያ ያለውን በደንብ አውቃለሁ።

የከፍተኛ መሪ ጊዜ በማይገኝበት አገር እኔ የምጠቅሰው የፔሩን ነው። ፒዬሮ ጌዚ ከ2014 እስከ 2016 የምርት ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ በየዘርፉ አነስተኛ የሥራ ጠረጴዛዎችን አቋቋሙ፤ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የደን ዘርፍ ነበር። በጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀመጡት የዘርፉ ሰዎችና ጉዳዩ በቀጥታ የሚመለከታቸው የመንግሥት ተቋማት ተወካዮች ናቸው። ስብሰባው ተደጋጋሚ ነው፤ የሚታየው ትንሽ ነገር ነው፤ አንድ ፈቃድ፣ አንድ መመሪያ፣ ሁለት መሥሪያ ቤት የሚያዙበት አንድ አሠራር። ድጎማ መጠየቂያ መድረክ አልነበረም። ይህን ወደ ሌላ ቦታ ስወስደው አንድ ነገር ጨምሬበታለሁ፦ የእያንዳንዱ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ ከእያንዳንዱ ውሳኔ አጠገብ የመሥሪያ ቤት ሳይሆን የሰው ስምና ቀን ይጻፋል። መጀመሪያ ላይ ባለሥልጣናቱ ይቀየማሉ። ከዚያ ይለምዱታል፤ አንዳንዶቹም ሥራቸው በስማቸው መታየቱን ይወዱታል።

አሁን ስለ መቶኛ ግቦች። ፈጠራ ሲባል ሁሉም አገር «ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት ይህን ያህል በመቶ ለምርምርና ልማት እናውላለን» ይላል። የአውሮፓ ኅብረት መሪዎች በ2002 በባርሴሎና 3 በመቶ እንዲደርስ፣ ከዚህም ሁለት ሦስተኛው ከግል ዘርፍ እንዲመጣ ወሰኑ፤ ቀነ ገደቡ 2010 ነበር። አልደረሰም፤ ወደ 2020 ተሸጋገረ፤ ያም አልተሳካም። የአፍሪካ መሪዎችም የ1 በመቶ ግብ ካስቀመጡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ አብዛኞቹ አገሮች ከእርሱ በታች ናቸው። እስራኤል ወደ 6 በመቶ፣ ደቡብ ኮሪያ ወደ 5 በመቶ የሚጠጋ የሚያወጡት ሚኒስትር ስላወጀ አይደለም፤ ምርምር የሚያስፈልጋቸው ብዙ ኩባንያዎች ስላሏቸው ነው። መቶኛው ውጤት እንጂ መነሻ አይደለም። ግቡ መቀመጡ ካልቀረ፣ ቢያንስ የመንግሥቱን ድርሻ ለይታችሁ ለበርካታ ዓመታት በበጀት እንዲታሰር ጠይቁ። ፊንላንድ የምርምር ወጪዋ ከኖኪያ ስልክ ሥራ መዳከም ጋር አሽቆልቁሎ ከቆየ በኋላ የመንግሥትን የምርምር በጀት እስከ 2030 በሕግ ወደ ማሰር የሄደችው ለዚህ ነው።

መቶኛ ላይ የታክስ ማበረታቻ ሲታከልበት ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ቻይና ከ2008 ጀምሮ የምርምር ወጪያቸው ከሽያጫቸው የተወሰነ መቶኛ ለሚደርስላቸው ኩባንያዎች የትርፍ ግብራቸውን ከ25 ወደ 15 በመቶ የሚያወርድ ሕግ ነበራት። በኋላ የኩባንያዎቹን የታክስ መረጃ የመረመሩ ኢኮኖሚስቶች፣ ማበረታቻው ከሳባቸው ኩባንያዎች ጭማሪ ወጪ ውስጥ ቀላል የማይባለው የአስተዳደር ወጪ ስሙ ተቀይሮ የተመዘገበ ሆኖ አግኝተውታል። በየትኛውም አገር የሒሳብ ባለሙያ ከሳይንቲስት ቀድሞ ይነቃል። እንዲህ ያለ ማበረታቻ እንድታረቁ ከተጠየቃችሁ የታክስ ባለሥልጣኑ ምርምርን ከተራ ወጪ የሚለይበት መሥፈርትና የሚመረምር መሐንዲስ እንዳለው አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ከሌለው ቀጥተኛ ድጎማ፣ አነስተኛም ቢሆን፣ ይሻላል።

የድጋፍ መሣሪያ አቀራረጽ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ብታነቡ የምመክረው የእስራኤልን ሁለት ሙከራዎች ነው። በ1992 የጀመረው ኢንባል የተባለው ፕሮግራም ለቬንቸር ካፒታል ፈንዶች፣ ማለትም በጀማሪ ኩባንያዎች ላይ ገንዘብ ለሚያፈሱ ፈንዶች፣ የኪሳራ ዋስትና ሰጠ፤ ብትከስሩ መንግሥት ይሸፍናል እንደማለት ነው። አልሠራም። በቀጣዩ ዓመት የመጣው ዮዝማ ነገሩን ገለበጠው። ከ100 ሚሊዮን ዶላር አብዛኛው ለ10 የግል ፈንዶች ተከፋፈለ፤ እያንዳንዱ ፈንድ የውጭ ባለሀብትና የአገር ውስጥ አጋር ይዞ መምጣት ነበረበት፤ ሥራው ከተሳካ አጋሮቹ የመንግሥትን ድርሻ አስቀድሞ በታወቀ ቀመር መግዛት ይችላሉ። የመጀመሪያው ለመውደቅ ዋስትና፣ ሁለተኛው ለማደግ ጉጉት ሰጠ። መንግሥትም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ድርሻውን ሽጦ ወጣ። ብዙ አገሮች ዮዝማን እንቅዳ ሲሉ የሚቀዱት ገንዘቡን ነው፤ መውጫውንና የውጭ አጋሩን ይተዉታል። እንዲህ ያለ ረቂቅ ሲመጣልኝ በመጀመሪያ የማነበው መንግሥት መቼና እንዴት እንደሚወጣ የሚናገረውን አንቀጽ ነው። ካልተጻፈ ሌላውን ማንበብ አያስፈልገኝም።

ስለ መለካትም አንድ ደስ የሚል ምሳሌ አለ። ኔዘርላንድስ በ2004 ለአነስተኛና መካከለኛ ኩባንያዎች ከምርምር ተቋም አገልግሎት የሚገዙበት እስከ 7,500 ዩሮ የሚያወጣ ቫውቸር አዘጋጀች። ጠያቂው ከቫውቸሩ እጅግ ስለበለጠ በዕጣ ተሰጠ። ዕጣ ስለሆነም ያገኙትንና ያላገኙትን ማነጻጸር ተቻለ፤ ከ10 ቫውቸሮች 8ቱ ያለ ድጋፉ የማይደረግ ሥራ ማስገኘታቸው ታየ። ባለሥልጣን ዕጣ ሲባል ይደነግጣል፤ የዘፈቀደ አሠራር ይመስለዋል። እኔ የማቀርበው በፍትሐዊነት በኩል ነው፦ «ክቡር ሚኒስትር፣ መስፈርቱን ያሟሉ ብዙ ናቸው፤ ገንዘቡ ለጥቂቶች ነው። ዕጣ ከሆነ ማንም ወዳጅዎን መረጡ አይልዎትም።» ከማንኛውም የስታቲስቲክስ ማብራሪያ የበለጠ ይሠራል።

የጽሑፍ ምክር ሲዘጋጅ የአገሪቱን የበጀት ሰሌዳ ከግድግዳችሁ ላይ ለጥፉ። የበጀት ጥሪው ከወጣ በኋላ የሚደርስ ድንቅ ሐሳብ አንድ ዓመት ይተኛል፤ በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ሚኒስትሩ ሊቀየሩ ይችላሉ። በገንዘብ ሚኒስቴር የዘርፉን በጀት የሚይዘውን ባለሙያ ከሚኒስትሩ በፊት አግኙት። «አይቻልም» ሲል ምክንያቱን ይነግራችኋል፤ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የበጀት ኮድ ነው፤ ኮድ ደግሞ ይስተካከላል። ለሚኒስትሩ የሚሄደው ሁለት ገጽ ይሁን፦ ማነቆው፣ ማስረጃው፣ ባለቤቱ፣ ወጪው፣ ምን ከታየ እንደሚቆም። ይህ የመጨረሻው መስመር ሁሌም ይሰረዝብኛል፤ ሁሌም እመልሰዋለሁ። የማቆሚያ ሁኔታ ያልተጻፈለት ድጋፍ ተቀባዮቹ ማኅበር እስኪያቋቁሙ ድረስ ብቻ ነው ሊቆም የሚችለው።

በዚህ ሙያ የማደንቃቸው ሰው ኔዘርላንዳዊው ኢኮኖሚስት አልበርት ዊንሴሚየስ ናቸው። በ1960 የተባበሩት መንግሥታትን ቡድን መርተው ወደ ሲንጋፖር ሄዱ፤ የአገሪቱ የኢኮኖሚ ልማት ቦርድ በ1961 ሲቋቋም ሐሳቡ ከእርሳቸው ቡድን ምክር የመጣ ነበር፤ አማካሪነታቸውም እስከ 1984 ዘለቀ። እዚያ አልኖሩም፤ በየዓመቱ እየተመላለሱ ያዩ፣ የተባለው ተሠርቶ እንደሆነ ይጠይቁ ነበር። የአሁኑ ውል በስድስት ወር ሰነድ አስረክቦ የሚያልቅ ስለሆነ ይህን ማግኘት ይከብዳል። ቢሆንም ውል ስትፈራረሙ ከክፍያው የተወሰነው ሰነዱ ከተረከበ ከአንድና ከሁለት ዓመት በኋላ ለሚደረግ የክትትል ጉብኝት እንዲመደብ ጠይቁ። የሚከፍላችሁ መንግሥቱ ሳይሆን ለጋሽ ድርጅት ከሆነ ደግሞ ጥያቄውን ማን እንደጻፈው ቀድማችሁ ዕወቁ፤ የመንግሥቱ ሠራተኞች ያላነሡት ጥያቄ የሚያገኘውን መልስ አያነቡትም።

የጥቅም ግጭትንም በግልጽ አስቀምጡ። ስለ አንድ ዘርፍ እያማከራችሁ በዚያው ዘርፍ ካለ ኩባንያ ጋር መሥራት በሕግ ባይከለከል እንኳ፣ አንድ ቀን ምክራችሁን ለመጣል የሚፈልግ ሰው የሚያነሣው እርሱን ነው። እኔ ውሉ ላይ የምሠራላቸውንና ባለፉት ዓመታት የሠራሁላቸውን በሙሉ ዘርዝሬ አያይዛለሁ፤ ማንም ባይጠይቀኝም። ምክሬ ተቀባይነት ሲያጣ ደግሞ ምክንያቱን ጠይቄ በአንድ አንቀጽ ጽፌ ለመሥሪያ ቤቱ ቋሚ ሠራተኞች እተወዋለሁ። ሚኒስትሮች ይሄዳሉ፤ የመዝገብ ክፍሉ ይቆያል፤ ቀጣዩ አማካሪ መጥቶ ያንኑ ላቦራቶሪ እንደ አዲስ ሲያገኘው ጉዳዩ ያለፈው ጊዜ የት ቦታ እንደቆመ የሚነግረው ወረቀት ይኖረዋል።